አርባ ቀን የቆመው ማሽን

ሥራዬን ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኝ ትቼዋለሁ። አንድ ቀን «ሕንፃ ሲዘገይ ለምን እንደዘገየ አጥንቼ እጽፋለሁ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቁጭ ብለሽ ከምትጽፊ ለምን ሄደሽ አታግዣቸውም?» አለችኝ።

ነገሩ ግን ያን ያህል ከባድ አይደለም። ተቋራጭ ሕንፃውን በዚህን ያህል ቀን ሠርቼ አስረክባለሁ ብሎ ይፈርማል። ቀኑ ሲያልፍበት ወይ የዘገየው በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ አስረድቶ የጊዜ ማራዘሚያ ይፈቀድለታል፣ ወይ ውሉ ተቋርጦ ሥራውን ይነጠቃል። የማስረዳቱ ሥራ የእኔ ነው። መጀመሪያ የወጣውን የሥራ መርሐ ግብርና በኋላ በእውነት የሆነውን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የጠፋውን ቀን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ባለቤት እፈልግለታለሁ፤ ይህን ቀን ሕንፃውን የሚያሠራው አሠሪ ነው ያጠፋው፣ ያንን ዝናብ፣ ያንን ደግሞ እኛው ራሳችን። ዋናው ማስረጃዬ የሳይት ውሎ መዝገብ ነው። ዕለት ዕለት ምን እንደተሠራ፣ ስንት ሰው እንደገባ፣ የቱ ማሽን ሠርቶ የቱ እንደቆመ የሚጻፍበት ትልቅ ደብተር ነው። ሰው ይረሳል፣ ሰው ያጋንናል፣ መዝገብ ግን አይዋሽም እል ነበር። የምለውም በኩራት ነበር። ሲናገሩኝ የማልወድ፣ ሌላው ሲሳሳት ግን ቶሎ የምናደድ ሰው ነበርኩ። ነኝ ብል ይሻላል።

የምሠራበት ድርጅት አነስ ያለ ተቋራጭ ነው። ከአብነት ጀርባ፣ ሁለት መኪና በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ፣ ለሰፈሩ ባለ አምስት ፎቅ ጤና ጣቢያ እንሠራ ነበር። የሳይቱ መሐንዲስ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሰው ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ስቀጠር የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ብረት ሲታሰር ምኑን ማየት እንዳለብኝ፣ አናጢ ሲዋሸኝ እንዴት እንደማውቅ፣ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። «ዛሬ ያልጻፍሽውን ነገ ማንም አያምንሽም» ይሉኝ ነበር። ይህ የምነግራችሁ ሁሉ ሲሆን ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር።

ጤና ጣቢያው አምስት ወር ዘገየ። ሥራ አስኪያጃችን ጠርቶ «ከዚህ አምስት ወር ውስጥ የእኛ ጥፋት ያልሆነውን አውጪልኝ፤ ካልሆነ ውሉ ይቋረጣል» አለኝ። መዝገቦቹን ተሸክሜ ወደ ጠረጴዛዬ ሄድኩ። ችግሩ ያለበትን ቦታ ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። የመሠረቱ ቁፋሮ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ተጀምሮ ክረምት ሳይገባ ማለቅ ነበረበት። ሊጀመር በታሰበበት ሰኞ መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ኤክስካቫተር ብልሽት፤ ሥራ ቆሟል» የሚል ነው፤ ኤክስካቫተሩ መቆፈሪያ ማሽናችን ነው። በማግስቱም ያው። ከማግስቱም ወዲያ ያው። አርባ ቀን ሙሉ፣ በጋሼ ጥርት ያለ እጅ ጽሕፈት፣ ያችው አንድ መስመር። ቁፋሮው የተጀመረው ግንቦት ሊያልቅ ሲል ነው። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ዝናቡ ገባበትና ክረምቱን በሙሉ ውሃ ሲቀዳ ከረመ። ክረምቱን ምክንያት ላድርግ ብል ሥራውን ለአሠሪው የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ «በጊዜው ቆፍራችሁ ቢሆን ኖሮ ዝናቡ መች ያገኛችሁ ነበር?» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። አምስቱን ወር ያመጣው ያ አርባ ቀን ነው። የማሽን ብልሽት ደግሞ በውላችን መሠረት የተቋራጩ የራሱ ጣጣ ነው።

ቢያንስ ለመጠገን መታገላችንን ላሳይ ብዬ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ መዝገብ ሄድኩ። አርባ ቀን የተበላሸው ማሽን አንድ ብሎን አልጠየቀም። መካኒክ አልተጠራለትም። የነዳጁን መዝገብ ገለጥኩ፤ ተበላሸ የተባለው ማሽን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ናፍጣ ቀድቷል። ደሜ ፈላ። መዝገብ መያዝ ያስተማሩኝ ሰው መዝገብ ላይ ሲዋሹ ያዝኳቸው።

እዚህ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ታክሲ ይዞ አብነት መሄድና «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ማለት ነበር። እኔ ግን ደረጃውን ወጥቼ በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገባሁ። «ማሽኑ አልተበላሸም ነበር» አልኩትና ወረቀቶቹን ተራ በተራ ዘረጋሁለት። አያቸው። ከዚያ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «አከራይቶታላ! በእኛ ናፍጣ ለሰው ሲሠራበት ነው የከረመው» አለ። እኔ እንዲያ አላልኩም። «አይደለም፣ ቆይ እስቲ መጀመሪያ ልጠይቃቸው» ግን አላልኩም። ጎበዝ መባል አምሮኝ ነበር። ጋሼ በአሥር ቀን ውስጥ አጥጋቢ ምክንያት ካላቀረቡ ከሥራ እንደሚሰናበቱ፣ ጉዳዩም ለፖሊስ እንደሚመራ የሚገልጽ ደብዳቤ በማግስቱ ወጣ። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ሳይት የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ቆርቆሮ ቢሯቸው ውስጥ ተቀምጠው የብረት ዝርዝር ያያሉ። ደብዳቤው ለአራት ታጥፎ ከደረት ኪሳቸው ብቅ ብሏል።

«አንቺ ነሽ ያገኘሽው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ከግምጃ ቤቱ መዝገብ ነው?»

«ከእሱና ከናፍጣው።»

«የናፍጣውን እንኳ አላሰብኩትም ነበር» አሉና ወንበር ሳቡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«ማሽኑ የት ሄዶ ነው ጋሼ?»

«የትም። እዚያ ጥግ ቆሞ ነበር።»

«ታዲያ ናፍጣው?»

«ቆሞ እንዳይበላሽ በየሳምንቱ እናስነሳው ነበር።»

«ደህና ከነበረ ለምን አልቆፈራችሁም?»

«ተበላሽቷል ብዬ ጽፌያለሁ፤ ተበላሽቷል። እሱኑ ያዢ።»

ጮህኩባቸው። ውሉ ሊቋረጥ እንደሆነ፣ ከእንጀራቸው ሊፈናቀሉ እንደሆነ፣ ሌባ እየተባሉ እንደሆነ አንድ ባንድ ዘረዘርኩላቸው። ሌባ ያስባልኳቸው እኔ መሆኔን ለጊዜው ረስቼዋለሁ። ጋሼ አንገታቸውን አቀርቅረው ብረታቸውን መቁጠር ቀጠሉ። በሩን አላግቼ ወጣሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው ጠበቀኝ። ሳይቱ ከተከፈተ ጀምሮ የነበረ ሰው ነው። «ኢንጂነር፣ አንዴ» ብሎ ወደ ጥላው ሳበኝ። «ሰውዬው አይነግሩሽም። እኔ ልንገርሽ፤ ከኔ ሰማሁ ግን አትበዪ።»

የነገረኝ ይህን ነው። አሁን ጉድጓዱ ያለበት ቦታ ላይ የአንድ ባልና ሚስት ቤት ነበር። ካሳቸውን ተቀብለው፣ ቦታውን ለቀናል ብለው አስቀድመው ፈርመዋል፤ ሰኞ ሊወጡ ዕቃቸውን አሳስረው ነበር። ቅዳሜ ባልየው ሞቱ። እሑድ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ማሽኑ ሊቆፍርበት ከተዘጋጀው ቦታ ላይ ተተከለ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ መጡ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ኦፕሬተሩን ማሽኑን ወደ ጥግ እንዲያስጠጋ ነገሩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጡ። ሚስትየው የሟቹን አርባ ሳላወጣ ከዚህ ቤት አልነቃነቅም አሉ። ጋሼም አርባውን ጠበቁላቸው።

«በሳይታችን ለቅሶ ደርሰን እኮ ነው» አለኝ ዘበኛው። «እኔም ሻይ አፍልቻለሁ።»

ተመልሼ ገባሁ። ነገሩን እንዳወቅሁ ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ለምን አልጻፉትም?» አልኳቸው። «ቦታው አልተለቀቀም ብለው አንድ ደብዳቤ ቢጽፉ ኖሮ፣ ቦታውን አስለቅቆ ማስረከብ የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ አርባውም ቀን በእሱ ላይ ይቆጠር ነበር። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት!»

«ደብዳቤ ብጽፍ የት ይሄዳል?»

«ለአማካሪው።»

«ከአማካሪው ለአሠሪው። አሠሪው ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። እዚያ ያለው ሰው መዝገቡን ሲያይ ሴትየዋ ለቅቄያለሁ ብላ ፈርማለች። ይታዘዛል። ይመጣል። ሁሉም ግዴታውን እየተወጣ፣ አንድም ክፉ ሰው ሳይኖርበት፣ ቤቱ ለቅሶ በተቀመጠች ሴት ላይ ይፈርሳል። ሲሆን አይቻለሁ። ያኔ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ።»

የትና መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ፊታቸው አይጠየቅም ነበር። ማሽኑ በቆመበት ጊዜ የነበረው የአማካሪው ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነገሩን ያውቅ እንደሆነ ብቻ ጠየቅሁ። አውቆ ነው መዝገቡ ላይ አብሮ የፈረመው። ግን እሱ አሁን አገር ለቆ ሄዷል፤ በቦታው የመጣው ሰው መዝገቡን እንጂ ድንኳኑን አላየም።

«አርባውን ቀን አካክሰዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ ጋሼ። «ሁለት ማሽን አስገብቼ፣ እሑድም ጨምሬ። ክረምቱ ቀድሞ ገባና አሳፈረኝ።»

ቀሪው ነገር ለእኔ ግልጽ ነበር። ዘበኛው የእኛ ተቀጣሪ ስለሆነ ቃሉን አይቀበሉትም። ቤቱ ውስጥ እስከ አርባው ቀን ነበርኩ ብሎ የሚመሰክር ከሁሉም ወገን ነፃ የሆነ ሰው አንድ ብቻ ነው። ይህን ከአፌ ሳላወጣው ጋሼ ቀደሙኝ።

«እሷ ጋ እንዳትሄጂ።»

«ጋሼ፣ ሊያባርሩዎት ነው።»

«ያባርሩኝ። ሐዘኗን ማስረጃ አታድርጊብኝ። እሺ በዪኝ።»

እሺ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ።

ሴትየዋ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ከልደታ ማርያም ወርጄ፣ በጧፍ ሻጮቹ መሀል አልፌ፣ ግቢው ውስጥ በርበሬ ያሰጡትን ሴቶች ጠይቄ አገኘኋቸው። ልጅቷ ሥራ ሄዳለች። እማማ ብቻቸውን ሆነው ሽንኩርት ይልጣሉ። ከጤና ጣቢያው ሥራ እንደመጣሁ ስነግራቸው ቢላዋውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ እንደ ዘመድ ሳሙኝ። ያ ጥሩ ሰውዬ ደህና እንደሆኑ ጠየቁኝ። ደህና ናቸው አልኩ፤ ዐይኔን በጨው ታጥቤ።

የመጣሁት የወረቀት ሥራ ለማስተካከል ነው አልኳቸው፤ ከድሮው ቤት መቼ እንደወጡ ቀኑን ማጣራት ፈልገን ነው። ቀኑን ለመናገር ማሰብ አላስፈለጋቸውም። አርባው በወጣ በማግስቱ ነው አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ቀጠሉ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖርንበት ቤት ነው ልጄ። ለቅሶ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈራው፤ አርባው ሳይወጣለት ከቤቱ እንዳልነቀል። ለቅቄያለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ቁፋሮው ደርሷል፣ ማሽኑ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ምን ሆነ መሰለሽ? ማሽኑ ተበላሸ!» ይህን ሲሉ ፊታቸው ፈካ። «ያ ሰውዬ የሠልስቱ ዕለት መጥቶ ‹እትዬ፣ ማሽናችን ተበላሽቷል፣ አይቸኩሉ› አለኝ። በሳምንት በሳምንት ሊያስነሱት ይታገላሉ። ሲያጓራ አለቀልኝ እላለሁ። ትንሽ ያጓራና ዝም። እመቤቴ ናት ዝም ያሰኘችው። የግንቦት ልደታ ዕለት ሄጄ ይችን አርባ ብቻ አድርሺኝ ብዬ ተሳልኩ። አደረሰችኝ። ዘንድሮ ጥላ አስገባሁላት፤ ቆንጆ ጥላ፣ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ።»

ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። እማማ፣ ማሽኑ አልተበላሸም ነበር፤ ጋሼ ናቸው ለእርስዎ ብለው ያቆሙት፤ አሁን በዚህ ምክንያት ሊባረሩ ነው። ይህን ለማለት ከዚህ በላይ ቃል አይፈልግም። ሁለቱንም ጊዜ መልሼ ዘጋሁት። ወዲያው ሙያዬ ሰበብ አቀበለኝ፤ ምስክር ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው፣ ምስክርን የሚለውን አያስጠኑትም፣ ለምስክር ከሌላ ወገን የተሰማ ነገር አይነገረውም። ደንቡ ትክክል ነው። እኔ ግን ደንብ አክብሬ አልነበረም ዝም ያልኩት። ያንን የፈካ ፊት ማጥፋት ፈርቼ ነው።

«ረቡዕ ስብሰባ አለን» አልኳቸው። «መጥተው እስከ አርባው ቤቱ ውስጥ እንደነበሩ ብቻ ቢናገሩልን።»

«ለዚያ ሰውዬ የሚጠቅም ከሆነ በደስታ» አሉኝ። ደረጃው ድረስ ሸኙኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም፤ ቆይቶ ግን ሴትየዋ ከመሰከሩ አርባው ቀን በአሠሪው ላይ እንደሚቆጠር፣ ከአርባው ጋር ክረምቱም እንደሚከተል ሲገባው ፊቱ ተፈታ። ጋሼን አከራይቶታል ስላለበት ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለጋሼ ስብሰባ መኖሩ እንጂ ማን እንደሚመጣ አልተነገራቸውም። ይህንንም እንዲያ እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት በአማካሪው ቢሮ ስድስት ሆነን ተቀመጥን። አዲሱ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ የአሠሪው ተወካይ፣ ሥራ አስኪያጃችን፣ ጋሼ፣ እማማና እኔ። ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። እማማ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። እጅ ነሡአቸው። ከዚያ እኔን አዩኝ። ወረቀቴ ላይ ቀኑን ሁለት ጊዜ ጻፍኩ።

የአሠሪው ተወካይ ትሑት ወጣት ነው። እማማን እናቴ እያለ ነው የጠየቃቸው። ከቤቱ መቼ እንደወጡ ጠየቃቸው፤ መለሱ። ድንኳኑ የት እንደተተከለ ጠየቃቸው፤ በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየሣሉ አሳዩት። ነገሩ ሁሉ በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነበር። ከዚያ መዝገቡን ገለጠና፣ «እዚህ ግን ሥራው የቆመው ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ነው የተጻፈው፤ እርስዎ ስለዚህ የሚያውቁት ነገር አለ?» አላቸው።

«አዎ!» አሉ እማማ። ደስ ብሏቸው ነው፤ ጋሼን ሊያግዟቸው። «ተበላሽቶ ነበር። እኔ ምስክር ነኝ። ሊያስነሱት ሲታገሉ በጆሮዬ እሰማ ነበር።» ከዚያ ስለቱን፣ የግንቦት ልደታን፣ ጥላውን፣ ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ነገሯቸው።

ተቆጣጣሪው ብዕሩን ከድኖ ወደ ሥራ አስኪያጃችን ዞረ። «ምስክራችሁ ብልሽቱን አረጋገጡልን» አለ። ሥራ አስኪያጃችን እኔን አየኝ። እኔ ያመጣኋቸው እማማ በቅንነታቸው ጋሼን ሊቀብሯቸው ነው፤ አሁን ዝም ካልኩ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

የግምጃ ቤቱንና የናፍጣውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አወጣሁ።

«ተይ» አሉኝ ጋሼ፤ ቀስ ብለው፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

«እማማ» አልኩ። «ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። ደህና ነበር። እርስዎ አርባውን እንዲያወጡ ብለው ጋሼ ናቸው ያቆሙት። ተበላሽቷል ያሉዎት እንዳይሳቀቁ ነው።»

እማማ መጀመሪያ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። የሚቀጥለው ቃል የሚያርመው መስሏቸው ይጠብቃሉ። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«እውነት ነው?»

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ደፉ። «ደህና ነበር እትዬ።»

«አርባውን ቀን ሙሉ?»

«አርባውን ቀን።»

«ያ ሁሉ ሠራተኛ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ቆሞ እኔን ነበር የሚጠብቀው?»

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ሲያጥፉት ሲዘረጉት ቆዩ። «እኔ እኮ ማንም የሚጠብቀኝ የለም ብዬ ነው እንደዚያ ያለቀስኩት» አሉ። «ባውቅ ኖሮ በሠልስቱ ዕንባዬን ጠርጌ እወጣ ነበር። ሰው አስቁሜ አርባ ቀን አለቅሳለሁ እንዴ?» ተነሥተው ጋሼን ይቅርታ ሊጠይቁ ጎንበስ ሲሉ ጋሼ ዘለው ትከሻቸውን ያዟቸው። ሁለቱ አዛውንቶች እንደተያያዙ ቆሙ። ተቆጣጣሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። ሥራ አስኪያጃችን ስልኩን ይነካካል።

የጊዜ ማራዘሚያው በኋላ ሙሉ በሙሉ ተፈቀደ፤ አርባውም፣ ክረምቱም። ውሉ አልተቋረጠም፤ የጋሼ ደብዳቤም ተሻረላቸው። አሁን እዚያው ጤና ጣቢያ አራተኛው ፎቅ ላይ ግንብ እያስገነቡ ነው። ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ሳይት ስሄድ ወንበር ይስቡልኛል። መዝገብ ላይ ግን ከእኔ ጋር ሳይነጋገሩ ምንም አይጽፉም፤ «እንዴት ይባል?» ብለው ይጠይቁኛል፣ የነገርኳቸውን እንዳለ ይጽፋሉ። ይህን አስቀድሜ መናገሬ፣ ታሪኩን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ «ታዲያ ደግ አደረግሽ» ስለሚሉኝ ነው። እስከ መጨረሻው አይሰሙኝም።

ያን ረቡዕ፣ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ የአሠሪው ተወካይ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጁ ራሱ ተሸማቋል፤ ግን ሥራው ነው። «እናቴ፣ መጀመሪያ የሰጡን ቃል ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር የሚል ስለሆነ፣ ለቃለ ጉባኤው እንዲመች አስተካክለው አንዴ ቢደግሙልን» አለ።

እማማ ግራ ገባቸው። «ምን ልበል?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

«ማሽኑ ደህና ነበር ይበሉ» አልኩ።

«ማሽኑ ደህና ነበር» አሉ።

ጻፍኩት። አንብቤላቸው፣ ስማቸው ያለበትን መስመር አሳይቼ ብዕሩን ሰጠኋቸው። በዝግታ፣ ፊደሉን እየለቀሙ ፈረሙ። ሰዎቹ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ መነሣሣት ጀምረው ነበር። እማማ ብዕሩን ሳይመልሱልኝ በእጃቸው እንደያዙ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩኝ።

«ልጄ፣ ቤቴ የመጣሽ ዕለት ይህን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ስለ እመቤቴ ሳጫውትሽም?»

«አዎ እማማ።»

የተቆጡ አይመስሉም ነበር። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«ያኔ ብትነግሪኝ እኮ ብቻዬን ሆኜ እሰማው ነበር» አሉኝ።